ስለ ዜማ መሣሪያና ስለ በዓል ስጦታ

በዓል በቀረበ ጊዜ ሰው ሁሉ እንደ ሥራውና እንደ ዕድሜው የሚመኘው አንዳች ነገር አለው። ሕፃኑ አዲስ ልብስ፣ አራሹ ጥማድ በሬ፣ ተማሪው መጽሐፍ ይመኛል፤ እመቤቲቱም ጓዳዋ እንዳይጎድልባት ታስባለች። የዜማ ሰው የሆነ እንደ ሆነ ግን ምኞቱ ወደ ዜማ መሣሪያው ያዘነብላል። በገና ደርዳሪው አውታሩ ያልላላ በገና፣ መዘምሩ ድምፁ የጠራ ጸናጽል፣ ከበሮ መቺው ቆዳው ያልተቀደደ ከበሮ ቢያገኝ በዓሉ የሚሞላለት ይመስለዋል። ይህ ምኞት በዓለማውያን የሙዚቃ ሰዎች ዘንድም ያለ ነው፤ በባሕር ማዶ አገሮች በልደት ሰሞን የሙዚቃ መሣሪያ ገዝቶ ለወዳጅ መስጠት የተለመደ ሆኗል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን የማኅሌቱን ወገን ነው፤ ይኸውም፦ ካህኑ ወይም መዘምሩ ለበዓል አዲስ መሣሪያ ሲመኝ ምኞቱ ለእግዚአብሔር ነውን ወይስ ለራሱ? ሰጪውስ ምን ቢሰጥ ስጦታው ይሠምራል? የሚለው ነው።

ጥያቄው በታላላቅ አድባራት ዘንድ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። በዚያ ከበሮው ብዙ ነው፤ ጸናጽሉም በሣጥን ሞልቶ ይኖራል። ነገሩ የሚከብደው ራቅ ባለው አገር ነውና፣ ከአንድ ሩቅ ስፍራ፣ ከሆሞሻ፣ እንጀምረዋለን።

ሆሞሻ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአሶሳ ዞን የምትገኝ፣ ከኩርሙክና ከመንጌ ጋር የምትጎራበት ወረዳ ናት። ከነዋሪው አብዛኛው የበርታ ተወላጅ፣ በሃይማኖቱም ሙስሊም ነው። የተዋሕዶ ምእመን ቁጥሩ በዚያ ጥቂት ነው። በአሶሳና በባምባሲ ዙሪያ ግን በ1970ዎቹ ዓመታት፣ ይልቁንም በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ፣ ከወሎና ከሌላውም ክፍለ ሀገር ብዙ ሺህ ሕዝብ በመንግሥት ትእዛዝ ተነሥቶ ሰፈረ። ይህ ሕዝብ ከደጋው አየር ወደ ቆላው ሙቀትና ወደ ወባው ወረደ፤ የተወለደበትን ደብር፣ የአባቱን መቃብር፣ በልጅነቱ ድምፁን እየሰማ ያደገውን ከበሮ ከኋላው ተወ። በባቢሎን ወንዝ ዳር በገናቸውን በዛፍ ላይ ሰቅለው በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን ብለው ያለቀሱት እስራኤል (መዝ. 136) ወደ ልቡናችን የሚመጡት ስለዚህ ነው። እርግጥ ነው፣ አሶሳ ባዕድ ምድር አይደለችም፤ አገር ናት። ነገር ግን የናፍቆት መጠን በካርታ አይለካም።

በእንዲህ ያለ አገር የምትተከል ታናሽ ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ የምታገኘው መቅደሱንና የቅዳሴውን ዕቃ ነው፤ ያለ እነርሱ ሥርዓቱ አይፈጸምምና። ማኅሌቱ ይቆያል። ከበሮ ከተገኘም ከሌላ ደብር አርጅቶ የመጣ፣ በአንድ ወገን ቆዳው የተተረተረ ይሆናል። እንግዲህ ታኅሣሥ 29 ቀን ሌሊት፣ ከ12 ቀን በኋላም በጥር 11 ቀን ታቦቱ ወደ ወንዝ በወረደ ጊዜ፣ በዚያ የሚያገለግለው ዲያቆን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው ምን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም።

ይህን ምኞት ከንቱ ነው ብሎ የሚነቅፍ ሰው ቢኖር መጽሐፍ ቅዱስን ይመልከት። እግዚአብሔር ሙሴን ከብር የተቀጠቀጡ ሁለት መለከቶች እንዲያሠራ ሲያዝዘው በጦርነት ጊዜ ብቻ እንዲነፉ አላለም፤ በደስታቸው ቀንና በበዓላቸው ጊዜም እንዲነፉ አዘዘ እንጂ (ዘኁ. 10፥10)። ዳዊት በሸመገለ ጊዜ ሌዋውያንን ቈጥሮ በየሥራው ሲመድብ፣ እርሱ ባሠራቸው የዜማ ዕቃዎች እግዚአብሔርን የሚያመሰግኑ አራት ሺህ ሰዎች ለይቶ አቆመ (1ኛ ዜና 23፥5)። ንጉሡ ለመዘምራኑ መሣሪያ አሠርቶ የሰጠ መሆኑን ልብ እንበል። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር በመረቀ ጊዜ ከየስፍራው ያስመጣቸው ሌዋውያን ጸናጽልና በገና መሰንቆም ይዘው ነበር (ነህ. 12፥27)። እነዚያ ከምርኮ ተመልሰው ፍርስራሽ ላይ የቆሙ፣ እህልና ገንዘብ ያነሣቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም ያለ ዜማ መሣሪያ ቅጥራቸውን ሊመርቁ አልወደዱም።

በእኛም ቤተ ክርስቲያን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ዜማን በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ከሠራ ወዲህ፣ ዜማው ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር ተዋሕዶ ኖሯል። አባቶችም እነዚህን ዕቃዎች እንዲሁ በድምፃቸው ብቻ አልተቀበሏቸውም፤ ምሥጢር አስተረጐሙባቸው እንጂ። የከበሮው ሰፊ አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ አፍ የትስብእት ምሳሌ ነው ይላሉ፤ ሁለቱ በአንድ ግንድ ላይ መሆናቸው ተዋሕዶን ያስረዳል። ከላይ የሚለብሰው ጨርቅ አይሁድ ለመዘበት ጌታን ያለበሱት ልብስ ነው። ዙሪያውን የሚጠላለፈው ጠፍር በሥጋው ላይ የወጣው የግርፋት ሰንበር፣ በአንገት የሚገባው ማንገቻ እርሱ የተጎተተበት ገመድ ነው። ጸናጽሉ በሁለቱ ዓምዶቹ ብሉይንና ሐዲስን፣ በመካከል ባሉት ዘንጎቹ ያዕቆብ በሎዛ ያያትን መሰላል ያመለክታል። መቋሚያው ጌታ የተሸከመውን መስቀል ያሳስባል። እንግዲህ ከበሮ የሚያነግት መዘምር፣ ቢያውቀው፣ በአንገቱ የሚያገባው ሕማማተ መስቀልን ነው፤ በልደት ሌሊት ከበሮ ሲመታ በበረት የተኛውን ሕፃንና በቀራንዮ የተቸነከረውን በአንድ ዕቃ ይሰብካል። ይህን የማያውቅ ሰው ከበሮን የጭፈራ ዕቃ አድርጎ ቢቈጥር አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ሳያስተምረው የቀረው ነው።

ነገር ግን ምኞቱ ቅዱስ ነው ማለት ወሰን የለውም ማለት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ወሰኑን አበጅታለች። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከበሮ አይመታም፤ ጸናጽልም አይጸነጸልም። ማኅሌቱ የሚቆመው በጾመ ድጓ ዜማና በመቋሚያ ብቻ ነው። ከዓመቱ ይህን የሚያህል ቀን ከበሮው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጾማል ማለት ነው፤ ምስጋናው ግን አንድ ቀን እንኳ አይጾምም። ከዚህ የምንረዳው መሣሪያ የምስጋና አገልጋይ እንጂ ጌታዋ አለመሆኑን ነው። የተቀደደ ከበሮ ያለው ደብር ያዝናል፤ ምስጋና ግን አልጎደለውም። ከበሮው የተሟላለት፣ ድጓውን የሚያውቅ ሰው የሌለው ደብር ግን፣ ዕቃው ሁሉ እያለው ባዶ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ፍቅር የሌለውን ሰው፣ በመላእክት ልሳን ቢናገር እንኳ፣ ከሚጮኽ ነሐስና ከሚንሿሿ ጸናጽል ጋር ያመሳሰለው (1ኛ ቆሮ. 13፥1) የዜማውን ዕቃ ንቆ አይደለም፤ ባለቤቱ የሌለበት ድምፅ ምን እንደሚመስል ሲያስረዳን ነው።

ስለዚህ ስጦታ የሚሰጥ ሰው ሁለት ነገር ያስብ፤ ዕቃውንና ዕቃውን የሚያውቀውን ሰው። የአገራችን ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር አለው። ከ1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒቆላዎስ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያዎች በስጦታ ልኮ ነበር። መለከቱና ከበሮው አማረ፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ እንደዚህ ያለውን ዕቃ የሚነፋ ሰው አልነበረምና፣ የሚያስተምር ሰው ከባሕር ማዶ ማስመጣት ግድ ሆነ። በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያዩዋቸውን ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ ሕዝቡ አርባ ልጆች እያለ የጠራቸውን፣ ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። እነዚህ ልጆች ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሙያውን ይዘው መጡ፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የነበረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ሆነ። የሁለቱ ስጦታ ልዩነት ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ዕቃ ነበር፤ ሁለተኛው ዐዋቂ ነበር። ዓለማዊው ሙዚቃ እንኳ ያለ ዐዋቂ ካልሠመረ ማኅሌት እንዴት ይሠምራል?

ከበሮ መምታት ክንድ ያለው ሁሉ የሚችለው የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቁም ዜማው፣ ዝማሜው፣ መረግዱ፣ ጽፋቱ እያንዳንዱ የራሱ አካሄድ አለው፤ መረግዱ ረጋ ብሎ የሚሄድበትን፣ ጽፋቱ ከጭብጨባው ጋር የሚፈጥንበትን ያልለየ መቺ፣ ሊቃውንቱን ከዜማ ያወጣቸዋል። ለዚህ ለአቋቋሙ ትምህርት የጎንደር በአታ ስሟ የተጠራ ናት፤ ድጓ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ይመሰከራል። ከሆሞሻ ተነሥቶ ወደ እነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚሄድ ልጅ የሚለየው ከእናቱ ቤት ብቻ አይደለም፤ ከለመደው አየርና ከለመደው ምግብ ጭምር ነው። ድጓን ለመፈጸም ብዙ ዓመት ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ዓመት የሚደርብበት ጋቢ፣ ቁራሽ የሚሰጠው ሰው፣ መንገዱን የሚችልለት ወገን ቢያገኝ፣ ያን ልጅ የረዳ ምእመን ለሆሞሻ ማኅሌት የሰጠው ስጦታ ከሃያ ከበሮ ይበልጣል።

በዚህ ስፍራ ጥቂት ከመንገድ ወጣ ብለን ስለ ስእለት እንናገር። ምእመናን ለቤተ ክርስቲያን የሚሳሉትን ብንመለከት ጥላ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ዕጣንና ጧፍ ይበዛል። ሁሉም መልካም ነው። ሆኖም በከተማ ባሉ አንዳንድ አድባራት ጥላው ከመብዛቱ የተነሣ ማኖሪያ ጠፍቶ ሳለ፣ በጠረፍ ያለች ቤተ ክርስቲያን አንድ ጸናጽል ታጣለች። ልጅ ብትሰጠኝ ለሆሞሻ ጸናጽል አገባለሁ፣ ወይም ድጓ ለሚማር ልጅ የዓመት ቀለብ እችላለሁ ብሎ የሚሳል ሰው እምብዛም አይሰማም። ስእለት ሲደረግ ዓይናችን ወደምናውቀው ደጅ ብቻ የሚያይ ይመስላል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ምን ዓይነት መሣሪያ ይሰጥ? የሚለው ዛሬ ብዙ የሚያከራክር ሆኗል። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ አኮርዲዮንና ኦርጋን የተሰማበት ዘመን ነበር፤ ዛሬም በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ኪቦርድ ገዝቶ ለወጣቶች መስጠት ትልቅ ውለታ የሚመስለው ሰው አለ። የሰጪውን ልብ አንነቅፍም። ነገር ግን የእኛ ዜማ በምዕራባውያን የድምፅ መሰላል የተሰፈረ አይደለም፤ በያሬድ ምልክት የሚሄድ፣ በመካከሉ የሚረግፍ፣ የሚደፋ፣ የሚቀናና የሚያነሣ ዜማ ነው። ድምፁ አስቀድሞ ተለክቶ የተቀመጠለት መሣሪያ ይህን ዜማ ሲያጅብ ዜማውን ወደ ራሱ ልክ ይስበዋል፤ ልጆቹም ሳያውቁት የሰሙትን ልክ ይዘው ያድጋሉ። በሆሞሻ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። መብራት በሌለበት ኪቦርዱ ሣጥን ነው፤ ቢበላሽም የሚጠግነው ሰው ብዙ መንገድ ይርቃል። የከበሮ ቆዳ ቢላላ ግን ዲያቆኑ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ያሞቀዋል፤ ቢቀደድ የመንደሩ ሰው ሌላ ቆዳ ይለጉመዋል። በዝናም የሚረጥበው የቤኒሻንጉል አየርና ምስጡ እንጨትንና ቆዳን የሚፈታተኑ ናቸውና፣ በዚያው አገር ሰው እጅ የሚጠገን መሣሪያ ከሩቅ ከመጣው ብልሃት ይሻላል።

በገናም የሚታሰብ ነው። በገና በማኅሌት የሚቆም ሳይሆን በቤትና በጸሎት ስፍራ፣ ይልቁንም በጾም ወራት፣ ለብቻ የሚደረደር ነው። አሥሩ አውታሮቹ በዐሠርቱ ቃላት ይመሰላሉ። አውታሩ ቀድሞ ከበግ አንጀት ይፈተል ነበር፤ ዛሬ ብዙዎች በናይለን ክር ይሠሩታል። ያ ከሆድ የሚወጣ የሚመስል ጎርናና ድምፁ የሚገኘው በአውታሩና በመቀመጫው መካከል ከሚገቡት ትናንሽ የቆዳ ቍራጮች፣ ከእንዝራዎቹ፣ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በገና ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር ይባላል፤ እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ መምህራን ትምህርቱን ጠብቀው ለትውልድ ባያቆዩት ኖሮ ዛሬ በአዲስ አበባ በየማምሻው በገና የሚማሩ ወጣቶችን ባላየን ነበር። ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ በገና ቢመኝ መልካም ነው። ሳኦልን ያሳረፈው የዳዊት በገና (1ኛ ሳሙ. 16፥23) ለአንድ ሰው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የተደረደረ ነበርና፤ በጠረፍ ያለ ብቸኛ ምእመንም እንዲህ ያለውን ጸሎት ይሻል።

አሁን ግን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ቀርቶናል። በአሶሳ ዞን የስደተኛ ሕዝብ አለ። የሸርቆሌ ሰፈር ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ከሱዳን የሸሹትን ሲያስጠልል ኖሯል፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ብዙ ቤተ ሰብ በኩርሙክ በኩል ተሻገረ። ልጁን በጀርባዋ አዝላ፣ እጇን ባዶ አድርጋ ድንበር የምትሻገር እናት ባለችበት አገር ለከበሮ ገንዘብ ማውጣት ይገባልን? ይህን የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ፈጥነን ዝም ልናሰኘው አይገባም። ነቢዩ ዓሞጽ ለራሳቸው እንደ ዳዊት የዜማ ዕቃ የሚያበጁትን፣ ስለ ዮሴፍ ስብራት ግን የማያዝኑትን ሰዎች በብርቱ ወቅሷል (ዓሞ. 6፥5-6)። ወቀሳው በዕቃው ላይ አይደለም፤ ዳዊትም ዕቃ አበጅቷልና። ወቀሳው በደጁ ያለውን ስብራት ላለመስማት ዜማን መጋረጃ ባደረገው ልብ ላይ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ በቢታንያ ሽቱ በፈሰሰ ጊዜ፣ ይህ ተሸጦ ለድሆች በተሰጠ ነበር ብሎ የተናገረ ሰው ነበር፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ ይህን የተናገረው ለድሆች አስቦ እንዳልሆነ ገልጦ ጽፏል (ዮሐ. 12፥4-6)። እንግዲህ በድሃ ስም ምስጋናን የሚያስቀር፣ በምስጋና ስም ድሃን የሚረሳ፣ ሁለቱም በመጽሐፍ ተወቅሰዋል። በሆሞሻ ያለ ካህን በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚቆም ነው። አንድ ዓመት ለከበሮ ተብሎ የተሰበሰበው ገንዘብ ለተሰደደች እናት ቢሰጥ፣ ማኅሌቱም በመቋሚያና በጭብጨባ ቢቆም፣ በዐቢይ ጾም ያለ ከበሮ የሚቆምበትን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ አስተምራዋለችና አይቸግረውም። ሌላ ዓመት ደግሞ ከበሮውን ቢገዛ ማንም አይክሰሰው።

የሆሞሻ ምእመን ከጎረቤቱም የሚማረው አለ። የበርታ ሕዝብ ዋዛ የሚባል የታወቀ መለከት አለው። ቅሉን እየቈረጡ አንዱን ከአንዱ እየሰኩ ረጅም አድርገው ይሠሩታል። አንድ ዋዛ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማ የሚሆነው ትንሹም ትልቁም በየተራው ድምፁን በየቦታው ሲያኖር ነው። ከነፊዎቹ አንዱ ቢቀር ዜማው ይሰበራል። ሐዋርያው አካል አንድ ብልት አይደለም ብሎ ያስተማረውን (1ኛ ቆሮ. 12፥14) በዓይን ለማየት የሚወድ ሰው፣ በሃይማኖት የማይተባበረው ጎረቤቱ ዋዛ ሲነፋ ቆሞ ይስማ። ማኅሌትም እንዲሁ ነው፤ በቀኝና በግራ ቆመው የሚቀባበሉት ሊቃውንት፣ መቺው፣ ጸናጽል የያዘው ሕፃን፣ አንዱ ብቻውን ማኅሌት አይባልም። ደግሞም ዋዛ ከቅል መሠራቱን እናስተውል። በርታዎች መለከታቸውን የሠሩት በጓሯቸው ከሚበቅለው ነው፤ ከሩቅ እስኪመጣላቸው አልጠበቁም።

ይህ ወደ መጨረሻው ነገራችን ያደርሰናል። ከበሮ ከምን ይሠራል? ግንዱ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ ተፍቆ ይወጣል፤ ሁለቱን አፍ የሚለጉመው የከብት ቆዳ ነው፤ ጠፍሩም ያው ቆዳ ነው። በልደት ቀን በአገራችን የሚታረደው ከብት ስንት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ቀድሞ ቆዳው ለነጋዴ ይሸጥ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ዋጋው ከመውደቁ የተነሣ በበዓል ማግሥት በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ሲሸት አይተናል። በአንድ ወገን ቆዳ ይጣላል፤ በሌላው ወገን ቆዳው የተቀደደ ከበሮ በመቅደስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከዚህ ለመራቅ የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም። አንድ ሰው በልደት ማለዳ በሬውን ሲያርድ ቆዳውን ሳይበሳ በጥንቃቄ አስገፍፎ፣ በጥላ ሥር ወጥሮ ቢያደርቀው ይበቃል። ቅርጫ የሚገቡ ጎረቤቶችም ቆዳውን ለቤተ ክርስቲያን ነው ብለው አስቀድመው ቢስማሙ የማንም ድርሻ አይጎድልም።

እንዲህ የተሰጠ ቆዳ ለዚያው ዓመት ጥምቀት አይደርስም፤ ከልደት እስከ ጥምቀት ያለው 12 ቀን ነው። ይደርቃል፤ ተመልሶ በውኃ ይርሳል፤ ጠጕሩ ይፋቃል፤ ጠፍሩ ይቈረጣል፤ ግንዱ ይፈለጋል፤ ይለጎማል፤ እንደ ገና ይደርቃል። በዚህ መካከል ዐቢይ ጾም ይገባና በመላው ኢትዮጵያ ከበሮ ሁሉ ዝም ይላል። የሆሞሻው አዲስ ከበሮም ከሌሎቹ ጋር ዝም ብሎ፣ ጨርቁን ለብሶ ተሰቅሎ ይቆያል። የመጀመሪያው ድምፁ የሚሰማው በትንሣኤ ሌሊት ነው።